ሃርድኮር ፓንክ፦ ከየት መጣ፣ ፍጥነቱስ እንዴት ይሠራል?

በ1981 ከዋሽንግተን ዲሲ የወጣ አንድ ሰባት ኢንች ሸክላ ስምንት ዘፈን ይዟል። ከስምንቱ አንዱ 46 ሰከንድ ብቻ ነው። ተቆርጦ የቀረ ወይም ለማስታወቂያ የተዘጋጀ ቅንጭብ አይደለም፤ ስንኝ አለው፣ አዝማች አለው፣ አዝማቹም ይደገማል። የባንዱ ስም ማይነር ትሬት ነው። ሙዚቃው ሃርድኮር ፓንክ፣ ባጭሩ ሃርድኮር ይባላል። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጆሮው ያልለመደ ሰው ሃርድኮርን ሲሰማ ጩኸት ብቻ ይመስለዋል። የሚወደው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ «የወጣት ንዴት ነው» ብሎ ያልፈዋል። ንዴቱ አለ፤ ነገር ግን ንዴት ብቻውን 46 ሰከንድ ውስጥ ሙሉ ዘፈን አያስገባም። ይህ ሙዚቃ በቅነሳ የተሠራ ነው። ከሮክ ላይ ምን ምን እንደተነሳ፣ የተነሳው ነገር ምን ክፍተት እንደተወና ክፍተቱ በምን እንደተሞላ ካየን ፍጥነቱም አጭርነቱም ምክንያት ያለው ሆኖ እናገኘዋለን።

የመጀመሪያው ቅነሳና ሁለተኛው

ፓንክ ሮክ በ1970ዎቹ አጋማሽ ኒው ዮርክና ለንደን ላይ ሲነሳ አንድ ዙር ቅነሳ አድርጎ ነበር። የዘመኑ ታላላቅ የሮክ ባንዶች አሥር ደቂቃ የሚፈጅ ዘፈን፣ ማለቂያ የሌለው የጊታር ሶሎና በጭነት መኪና የሚጓጓዝ መሣሪያ ይዘው ስታዲየም ውስጥ ይጫወቱ ነበር። የኒው ዮርኮቹ ራሞንስ ሶሎውን አውጥተው ጣሉት፤ ዘፈኑን ወደ ሁለት ደቂቃ ገደማ፣ ኮርዱን (አብረው የሚመቱ ኖታዎች ስብስብ) ወደ ሦስትና አራት አወረዱት። በ1978 ግን ትልልቆቹ የሙዚቃ ኩባንያዎች ከፓንክ ውስጥ የሚሸጠውን መርጠው፣ ጠርዙን አለስልሰው «ኒው ዌቭ» በሚል ስም ገበያ ላይ አውጥተውት ነበር።

ሁለተኛው ቅነሳ የመጣው ከመሐል ከተማ ሳይሆን ከዳር ነው። ከሎስ አንጀለስ በስተደቡብ ባሉት የባሕር ዳርቻ መንደሮችና በኦሬንጅ ካውንቲ የሚኖሩ ልጆች የፓንክ ሸክላዎችን ሰምተው «ይህን በእጥፍ ብናፈጥነውስ?» አሉ። ሄርሞሳ ቢች በምትባል ትንሽ ከተማ በ1976 የተመሠረተው ብላክ ፍላግ ከነዚህ ሁሉ ስሙ የገነነው ነው። የሳንታ አናዎቹ ሚድል ክላስ ደግሞ በ1978 የቀረጹት አራት ዘፈን ያለበት ሸክላ «የመጀመሪያው የሃርድኮር ሸክላ» ተብሎ ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። ማን ቀደመ የሚለው ክርክር ለአድናቂዎች ደስ ይላል እንጂ ብዙም አያስኬድም፤ በአንድ አካባቢ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ፣ ብዙ ልጆች ተመሳሳይ ነገር እየሞከሩ ነበር።

የብላክ ፍላጉ ጊታሪስት ግሬግ ጊን ከሙዚቃው በፊት የሬዲዮ መሣሪያ ሰው ነበር። በ12 ዓመቱ ለአማተር ሬዲዮ ተጠቃሚዎች የሚሆኑ ዕቃዎችን አዘጋጅቶ በፖስታ የሚሸጥበት አነስተኛ ንግድ ነበረው፤ ስሙ ሶሊድ ስቴት ቱነርስ፣ ባጭሩ ኤስኤስቲ። ባንዱ የመጀመሪያ ሸክላውን የሚያወጣለት ሲያጣ ጊን ያንኑ ስም ወስዶ የሸክላ አሳታሚ አደረገው። በዚህ ስም በ1979 ለሕዝብ የደረሰው ሸክላ አራት ዘፈን ይዞ በድምሩ ከአምስት ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። የባንዱን አራት ጥቁር ዘንጎች ምልክትና የኮንሰርት በራሪ ወረቀቶቹን የሳለው የጊን ወንድም ሬይመንድ ፔቲቦን ነው፤ ኋላ በሥነ ጥበቡ ዓለም ትልቅ ስም አተረፈ።

ስሙስ? «ሃርድኮር» የሚለው ቃል ቀድሞም በአፍ ይባል ነበር። የካናዳዎቹ ዲ.ኦ.ኤ. በ1981 ያወጡት አልበም ቃሉን በርዕሱ ላይ ካደረገ በኋላ ግን የሙዚቃው መጠሪያ ሆኖ ጸና።

ዋሽንግተን፣ አሥራ ስምንተኛው መንገድና ጃህ

ዋሽንግተን ዲሲ ላይ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ፤ ለእኛም ቀረብ የሚለው እዚህ ላይ ነው። ባድ ብሬንስ አራት ጥቁር ወጣቶች ናቸው፦ ድምፃዊው ኤች.አር.፣ ወንድሙ ከበሮ መቺው ኧርል ሃድሰን፣ ጊታሪስቱ ዶክተር ኖው እና ቤዝ ተጫዋቹ ዳሪል ጀኒፈር። በ1977 ፓንክን ከማግኘታቸው በፊት ማይንድ ፓወር በሚል ስም የጃዝ ፊውዥን ይጫወቱ ነበር፤ ፊውዥን ደግሞ ጣትና እጅ የሚፈትን ሙዚቃ ነው። ስለዚህ ሲያፈጥኑት እንደሌሎቹ አልተበታተነባቸውም። በ1980 የወጣው የመጀመሪያ ነጠላ ዘፈናቸው ከአንድ ደቂቃ ተኩል በታች ነው፤ በዚያ ፍጥነት ላይ ጊታሩ፣ ቤዙና ከበሮው አንድ ላይ ሲቆሙና አንድ ላይ ሲነሱ ልዩነታቸው የፀጉር ስንጣቂ አያህልም። የከተማዋ ልጆች ይህን ሲያዩ የፍጥነት መለኪያቸው ተለወጠ።

ባድ ብሬንስ ራስታፈሪያን ሆኑ። በ1982 በካሴት ብቻ የወጣው የመጀመሪያ አልበማቸው ሽፋን ላይ መብረቅ የአሜሪካን ምክር ቤት ጉልላት ሲመታ ይታያል፤ ቀለሙ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ነው። ውስጡ ከሃርድኮሩ መሐል የሬጌ ዘፈኖች ተሰግስገዋል፤ ግጥሙም ጃህን፣ ራስታዎች አምላክን የሚጠሩበትን ስም፣ ይጠራል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1974 ከዙፋን ወርደው በ1975 ከሞቱ ጥቂት ዓመት ነው። በደርግ ዘመን ስማቸው አገር ቤት ውስጥ በበጎ በማይነሳበት ወቅት፣ ዋሽንግተን ላይ አራት የፓንክ ልጆች በደቂቃ ከሁለት መቶ በላይ በሚመታ ከበሮ ላይ ራስ ተፈሪን ያወድሱ ነበር። ቀደምት ትርዒታቸውን ካሳዩባቸው ቦታዎች አንዱ አዳምስ ሞርጋን ሠፈር፣ አሥራ ስምንተኛው መንገድ ላይ የነበረ የአርቲስቶች የጋራ ቤት ነው፤ ይኸው መንገድ በ1980ዎቹ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ተርታ ሆነ። ሁለቱ ዓለማት ይተዋወቁ ነበር ለማለት አይደለም፤ መንገዱ ግን አንድ ነው።

ሬጌው ጌጥ ብቻ አልነበረም፤ ሥራ ይሠራል። ግማሽ ሰዓት ሙሉ በአንድ ፍጥነት የሚጋልብ ሙዚቃ ጆሮን ያደነዝዛል፤ ከአምስተኛው ዘፈን በኋላ ፍጥነቱ ፍጥነት መሆኑ ይቀራል። በመሐል ቀዝቃዛ፣ ክፍት ቦታ ያለው ሬጌ ሲገባ ከበሮ መቺው ክንዱን ያሳርፋል፣ አድማጩም ቀጥሎ የሚመጣውን ፍጥነት እንደ አዲስ ይሰማዋል።

ማይነር ትሬት የመጡት ከዚሁ ከተማ ነው። ድምፃዊው ኢያን መካይና ከበሮ መቺው ጄፍ ኔልሰን ከዚያ በፊት ቲን አይድልስ በሚባል ባንድ ውስጥ ነበሩ። ያ ባንድ በ1980 ወደ ካሊፎርኒያ ሄዶ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ማቡሃይ ጋርደንስ የሚባል ክለብ ሲጫወት፣ የክለቡ ሰዎች ልጆቹ መጠጥ እንዳይሸጥላቸው እጃቸው ላይ ትልቅ የኤክስ ምልክት አደረጉ። ዲሲ ሲመለሱ ዘዴውን ለከተማቸው ክለብ አቀረቡ፦ «እጃችን ላይ ምልክት አድርጉ፤ አስገቡን፤ አንጠጣም።» ምልክቱ ከመግቢያ ዘዴነት አልፎ የአቋም መግለጫ ሆነ። መጠጥ፣ ሲጋራና ዕፅ አለመንካት «ስትሬት ኤጅ» ተባለ፤ ስሙን ያገኘው ከዚያ 46 ሰከንድ ዘፈን ነው። እዚህም ላይ የተደረገው ቅነሳ ነው። የሮክ ገቢ ለዘመናት የቆመው በመጠጥ ሽያጭ ላይ ነበር፤ መጠጡን ሲያነሱት 15 እና 16 ዓመት የሆናቸው ልጆች አዳራሽ መግባት ቻሉ።

ከበሮው፦ ሁሉም ነገር እዚህ ይጀምራል

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። በተራው የሮክ ምት አራት ስንቆጥር በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ፣ ኪክ፣ በ«አንድ» እና በ«ሦስት» ላይ ይወርዳል፤ ስኔሩ፣ ያ ጯ የሚለው፣ በ«ሁለት» እና በ«አራት» ላይ። ሃርድኮር ላይ ቆጠራው «አንድ-እና-ሁለት-እና-ሦስት-እና-አራት-እና» ይሆናል። ኪኩ በየቁጥሩ ላይ፣ ስኔሩ በየ«እና»ው ላይ ይወርዳል። ከበሮ መቺዎች እየቀለዱ የፖልካ ምት ይሉታል፤ አወቃቀሩ በእርግጥም ከአውሮፓ የገጠር ጭፈራ ብዙ አይርቅም።

ፍጥነቱን በቁጥር እንየው። በደቂቃ 200 ምት ላይ አንዱ ምት 0.3 ሰከንድ ነው። ስኔሩ በየምቱ ስለሚወርድ በደቂቃ 200 ጊዜ ይመታል፤ በተራው የሮክ ምት ቢሆን 100 ነበር። አዲስ ጀማሪ የሚሳሳተው ሃይ ሃቱ፣ በእግር የሚከፈትና የሚዘጋው ጥንድ ሲምባል፣ ላይ ነው። በየቁጥሩም በየ«እና»ውም ሲመታው ቀኝ እጁ በደቂቃ 400፣ በሰከንድ ወደ ሰባት ጊዜ ገደማ መውረድ አለበት፤ ሁለተኛው ዘፈን ላይ ክንዱ ድርቅ ይላል። መላው ቀኝ እጅን ከኪኩ ጋር በየቁጥሩ ላይ ብቻ ማሳረፍ ነው። ሥራው በግማሽ ይቀንሳል፤ አድማጩ ልዩነቱን አይሰማውም፤ እንዲያውም ምቱ ይጠራል።

ሌላው ስህተት ጉልበት ነው። ዱላው ከፍ ብሎ በተነሳ ቁጥር ተመልሶ የሚወርድበት ጊዜ ይረዝማል፤ በ0.3 ሰከንድ ውስጥ ለዚያ ጊዜ የለም። ፈጣን መቺዎች ዱላውን ዝቅ አድርገው፣ ከትከሻ ሳይሆን ከአንጓና ከጣት ይመታሉ። ልምምዱ በ140 ይጀመራል፤ ትከሻና ክንድ ሳይጠነክሩ ሁለት ደቂቃ ሙሉ መያዝ ሲቻል በአምስት በአምስት ይጨመራል። ክንድ ማቃጠል ከጀመረ ፍጥነቱ ገና አልተገኘም ማለት ነው፤ መመለስ ይሻላል።

ሌሎች ምቶችም አሉ። የእንግሊዞቹ ዲስቻርጅ ከስቶክ ኦን ትሬንት ተነሥተው ኪኩ ከስኔሩ ፊትና ኋላ እየገባ የሚንደረደርበት ምት አስለመዱ፤ በስማቸው የመጀመሪያ ፊደል ዲ-ቢት ይባላል፤ በስዊድን፣ በፊንላንድና በጃፓን የራሱ ቤተሰብ አለው። ከፖልካው ይልቅ የሚንከባለል እንጂ የሚጋልብ አይመስልም።

ጊታር፣ ቤዝና ጉሮሮ

ጊታሩ የሚጫወተው ፓወር ኮርድ ነው፤ ማለትም ከሙሉ ኮርድ ሦስተኛዋን ኖታ አውጥቶ መነሻዋንና አምስተኛዋን ብቻ መተው። ይህ ለስንፍና አይደለም። አምፕሊፋየሩ ድምፅን ሲያዛባ ሁለት ኖታዎች አብረው ከገቡ በመሐላቸው ያለውን ልዩነት ሦስተኛ ድምፅ አድርጎ ያወጣዋል። 110 ሄርትዝ የሆነችው ኖታ «ላ» ከአምስተኛዋ፣ ከ165 ሄርትዝ ገደማ ጋር ስትጫወት ልዩነቱ 55 ይመጣል፤ 55 ደግሞ ራሷ «ላ» ናት፣ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ብላ። ስለዚህ ኮርዱ በነፃ ይወፍራል። ሦስተኛዋን፣ 138.6 ሄርትዝን፣ ብንጨምርበት ግን ልዩነቶቹ 28.6 እና 26 ገደማ ይሆናሉ፤ ከማንኛቸውም ኖታ ጋር የማይስማማ ጉርምርምታ። በንጹሕ ጊታር ላይ ውብ የሆነው ሙሉ ኮርድ በተዛባ ድምፅ ላይ ጭቃ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ቀኝ እጅ ላይም ቅነሳ አለ። ራሞንስ ፒኩን፣ ገመዱ የሚመታበትን ትንሽ ስስ ቁራጭ፣ ወደ ታች ብቻ እየመቱ ይጫወቱ ነበር። በ200 ላይ በየቁጥሩና በየ«እና»ው መምታት በሰከንድ ወደ ሰባት ጊዜ ስለሚጠጋ፣ ወደ ታች ብቻ መሄድ ጥቂቶች ብቻ የሚችሉት ነገር ይሆናል። ብዙዎቹ የሃርድኮር ጊታሪስቶች ታች-ላይ ይመታሉ። ችግሩ ወደ ላይ የሚመጣው ምት በተፈጥሮው ደካማና ቀጭን መሆኑ ነው። መፍትሔው ፒኩን አጥብቆ አለመያዝ፣ ጫፉን ጥቂት ብቻ ማስገባትና ሁሉንም ገመድ ሳይሆን ወፍራሞቹን ሁለት ሦስት ገመዶች ብቻ መንካት ነው። ገመዱም ወፈር ያለ፣ ቀጭኑ 0.011 ኢንች የሆነ ስብስብ ይመረጣል፤ ቀጭን ገመድ በኃይል ሲመታ ለቅጽበት ይወጠርና ድምፁ ከቃናው በላይ ይወጣል።

አምፕሊፋየሩ ላይ ጀማሪ ሁሉ ማዛቢያውን እስከ መጨረሻው ያዞረዋል። ቤት ውስጥ ለብቻ ሲጫወቱት ግሩም ነው። ከባንድ ጋር ሲሆን ምቶቹ እርስ በርስ ተጣብቀው አንድ ረጅም ፍሽሽታ ይሆናሉ። ማዛቢያውን ወደ ግማሽ ማውረድ፣ የመሐከለኛውን ድምፅ መቆጣጠሪያ ግን ከፍ ማድረግ ይሻላል። ወፍራሙን ድምፅ ቤዙ ይዞታል፣ ቀጭኑን ሲምባሉ፤ ለጊታር የቀረው መሐሉ ነው፤ እሱን ከቀነሱ ጊታሪስቱ እየተጫወተ አይሰማም።

ቤዙ በፒክ፣ ወደ ድልድዩ ጠጋ ተብሎ ይመታል፤ በጣት ሲሆን ድምፁ ክብ ይሆንና በዚህ ፍጥነት ይዋጣል። ሶሎ በሌለበት ሙዚቃ ዜማውን ብዙ ጊዜ የሚሸከመው ቤዝ መሆኑን ልብ ብሎ የሚሰማ ያገኘዋል።

ድምፃዊው አያዜምም፤ ይጮኻል፣ ግን በምት ነው። የ«ት»፣ የ«ክ»፣ የ«ፕ» ዓይነት ፈንጂ ተነባቢዎች ከስኔሩ ጋር ሲወድቁ ግጥሙ ራሱ ከበሮ ይሆናል። አየሩ ከሆድ ካልመጣና ጉሮሮ ብቻ ከሠራ ድምፅ በሳምንት ውስጥ ይዘጋል። አንድ የታወቀ ስህተት አለ፦ ማይኩን በሁለት እጅ ጭንቅላቱን ሸፍኖ መያዝ። ለፎቶ ያምራል። የመድረክ ማይክ ግን ከኋላው የሚመጣን ድምፅ የሚያጠፋው ከጭንቅላቱ ሥር ባሉት ክፍተቶች አማካይነት ነው፤ እጅ ሲሸፍናቸው ማይኩ ከየአቅጣጫው መስማት ይጀምርና ከስፒከሩ ጋር ተያይዞ ይጮኻል። ሰው ሁሉ የድምፅ ባለሙያውን ይረግማል፤ ጥፋቱ የእጅ ነው።

ዘፈኑ ሲሰፋ

በ200 ላይ አራት ምት የያዘ አንድ ሜዠር 1.2 ሰከንድ ነው። አንድ የተለመደ አሠራር እንውሰድ፦ መግቢያ 4 ሜዠር፤ ከዚያ ስንኝ 8 እና አዝማች 4፣ ይኸው ሦስት ጊዜ። ድምሩ 40 ሜዠር፣ 48 ሰከንድ ይሆናል። መጨረሻ ላይ ፍጥነቱ ወደ 100 ወርዶ ከባድ የሆነ 4 ሜዠር ይጨመራል፤ 9.6 ሰከንድ። ዘፈኑ በጠቅላላ 58 ሰከንድ አይሞላም። ያ ቀዝቃዛ ክፍል ብሬክዳውን ይባላል፤ አዳራሹ የሚናወጠው በፈጣኑ ላይ ሳይሆን እዚህ ላይ ነው። ብዙዎች መነሻውን ከ«ባድ ብሬንስ» ሬጌ ጋር ያያይዙታል፤ በኋላ የኒው ዮርክ ባንዶች ዋና መለያቸው አደረጉት።

እንዲህ ያለ ዘፈን ውስጥ ስምንት ሜዠር ስንኝ 9.6 ሰከንድ ብቻ ነው። ድምፃዊው በየአራት ሜዠሩ አንዴ እንዲተነፍስ ታስቦ ግጥሙ ይጻፋል፤ ስለዚህ የሃርድኮር ግጥም ምሳሌያዊ ንግግር የማያበዛው፣ ቀጥታ «አንተ» እና «እኔ» እያለ የሚናገረው በጠባይ ብቻ ሳይሆን በቦታ ጥበትም ነው። መድረክ ላይ የሚበላሸው ደግሞ እዚሁ ነው። ከበሮ መቺው በደስታ ብዛት በ200 የተለማመዱትን በ220 ያስጀምረዋል። 48 ሰከንዱ ወደ 43.6 ይወርዳል፤ ጊታሪስቱ እንደምንም ይከተላል፤ ድምፃዊው ግን ትንፋሽ አጥቶ የስንኙን መጨረሻ ይውጣል። ልምድ ያላቸው ባንዶች አስቀድመው ከመድረኩ ፍጥነት በላይ ይለማመዳሉ፤ ወይም ከበሮ መቺው ዱላ አጋጭቶ ከመቁጠሩ በፊት በልቡ አዝማቹን እንዲያዜም ያደርጉታል። አዝማቹ በልብ ካልተዜመ ቆጠራው ፈጥኗል።

ሸክላው፣ መቀሱና ሙጫው

ቲን አይድልስ በ1980 መጨረሻ ሲበተኑ በአንድ ዓመት ዕድሜያቸው ያጠራቀሙት 600 ዶላር ገደማ ነበራቸው። ተካፍለው ከመሄድ ይልቅ የቀረጹትን ስምንት ዘፈን በሸክላ ለማሳተም አዋሉት። በዚህ ምክንያት የተመሠረተው ዲስኮርድ ሪከርድስ እስከ ዛሬ አለ። የመጀመሪያው እትም አንድ ሺህ ቅጂ ነበር። የሸክላ ከረጢት ማሠራት ውድ ስለነበር ከእንግሊዝ የመጣ የሸክላ ከረጢት ፈትተው ዘርግተው ቅርጹን ወሰዱ፤ ወረቀቱን አሳትመው ራሳቸው በመቀስ ቆርጠው፣ አጥፈው፣ በሙጫ አጣበቁ። ቀረጻው የተሠራው አርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ዶን ዚየንታራ በመኖሪያ ቤቱ ምድር ቤት ባቋቋመው ኢነር ኢር ስቱዲዮ ነው።

ሰባት ኢንች ሸክላ ለዚህ ሙዚቃ የተፈጠረ ይመስላል። በደቂቃ 45 ዙር ሲዞር በአንድ ገጽ ጥሩ ድምፅ የሚይዘው አራት ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው፤ በ33 ዙር ወደ ስድስት ሰባት ደቂቃ ይደርሳል። ከዚያ በላይ ለማስገባት መርፌው የሚሄድበት ቦይ መጥበብ አለበት፤ ቦዩ ሲጠብ ድምፁ ይቀንሳል፣ እሽታውም ይጎላል። አንድ ደቂቃ የሚፈጁ አራት ዘፈኖች አንድ ገጽ ላይ በምቾት ይገባሉ፤ ስምንት ዘፈን በአንድ ትንሽ ሸክላ ማለት ይኼ ነው። መርፌው ወደ መሐል ሲጠጋ ቦዩ በአንድ ዙር የሚሸፍነው ርቀት ስለሚያጥር የ«ስ» እና የ«ሽ» ድምፆች ይፈጃሉ፤ ስለዚህ ጩኸት የበዛበት ዘፈን ገጹ መጀመሪያ ላይ፣ ቀለል ያለው መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። ቤዝና ኪክም በሁለቱ ስፒከሮች መሐል መሆን አለባቸው፤ ወደ አንድ ጎን ካደሉ መርፌው ይዘላል።

ከትልቅ ኩባንያ ጋር የመሥራት ሙከራ ምን እንደሚያስከትል ደግሞ ብላክ ፍላግ አሳይቷል። በ1981 የመጀመሪያ ሙሉ አልበማቸውን ዩኒኮርን ከሚባል ኩባንያ ጋር ሊያወጡ ሲሉ፣ አከፋፋዩ ኤምሲኤ «ወላጆችን የሚቃወም ነው» ብሎ እጁን ሰበሰበ። ከዩኒኮርን ጋር የተነሳው ክስ ባንዱን በስሙ ሸክላ እንዳያወጣ አሳገደው፤ ጊንና የቀድሞው ቤዝ ተጫዋች ቸክ ዱካውስኪ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ጥሳችኋል ተብለው አምስት ቀን ታሰሩ። ጉዳቱ የሚያስቆጭ ቢሆንም ከዚያ ወዲህ የመጡ ባንዶች ለምን የራሳቸውን አሳታሚ እንደመረጡ ይህ አንድ ጉዳይ ብቻውን ያስረዳል።

አዳራሹ፣ ዱላውና 1985

የሃርድኮር ጭፈራ መጋፋት ነው፤ ዛሬ ሞሽ ይባላል። መድረኩ ዝቅተኛ ስለሆነ ተመልካቹ ይወጣል፣ ይዘፍናል፣ ተወርውሮ በሰው እጅ ላይ ይወርዳል። ሕጉ በጽሑፍ ባይኖርም ይታወቃል፦ የወደቀ ወዲያው ይነሳል፤ ክርን አይዘረጋም፤ መነጽርና ጠርሙስ ይዞ አይገባም፤ ሰው በሌለበት አይዘለልም። ደንቡ የሚፈርሰው ለመጨፈር ሳይሆን ለመማታት የመጡት ሲበዙ ነው። ሎስ አንጀለስ ላይ ፖሊስ ትርዒቶችን በዱላ መበተን የተለመደ ሆነ፤ በሌሎች ከተሞችም የነጭ ዘረኛ ቡድኖች አዳራሹን ለመንጠቅ ሞከሩ። የሳን ፍራንሲስኮዎቹ ዴድ ኬኔዲስ በ1981 ይህን ፊት ለፊት የሚያወግዝ ዘፈን አወጡ። ሳይሸፋፍኑ መናገር ካስፈለገ፣ ከ«ባድ ብሬንስ» በቀር ትዕይንቱ በአብዛኛው የነጭ ወንድ ልጆች ነበር፤ ሴቶች ብዙ ጊዜ በአዳራሹ ዳር ኮት ያዥ ሆነው ቀሩ።

ዲሲ ላይ መልሱ በ1985 መጣ። ዱላ የሰለቻቸው እነዚያው ሰዎች አዳዲስ ባንዶች አቋቋሙ፤ ራይትስ ኦፍ ስፕሪንግ ከነዚህ ዋናው ነው። ዜማ ተመለሰ፣ ፍጥነቱ ቀነሰ፣ ግጥሙ ወደ ውስጥ ተመለከተ፤ ኋላ «ኢሞ» የተባለው የሙዚቃ ዘርፍ የተነሳው ከዚያ ነው። መካይ በ1987 ፉጋዚን ይዞ ሲመጣ የመግቢያ ዋጋ 5 ዶላር፣ ዕድሜ የማይጠየቅበት አዳራሽ፤ የሚማታ ሰው ሲኖር ሙዚቃው ቆሞ፣ ገንዘቡ ተመልሶለት ከአዳራሹ ይወጣል። ኒው ዮርክ በተቃራኒው ወደ ክብደት ሄደ፤ አግኖስቲክ ፍሮንትና ክሮ-ማግስ በሲቢጂቢ ክለብ የእሑድ ከሰዓት ትርዒቶች ላይ ሃርድኮርን ከሄቪ ሜታል ጋር አጋቡት። ሜታሊካን የመሰሉ ባንዶችም ፍጥነታቸውን በከፊል ያገኙት ከሃርድኮር ነው።

እንዴት ይደመጣል?

ለአዲስ አድማጭ ዋናው ችግር ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለመስማት መሞከር ነው። በመጀመሪያው ዙር ስኔሩን ብቻ ይከተሉ፤ በጣት ጠረጴዛ ላይ ይምቱት። በሁለተኛው ቤዙን። ግጥሙን እያነበቡ መስማት ነውር የለውም፤ ባንዶቹ ራሳቸው ግጥሙን በወረቀት አትመው ከሸክላው ጋር የሚያስገቡት ሰው እንደማይሰማው ስለሚያውቁ ነው። ቅደም ተከተሉን በተመለከተ ከማይነር ትሬት የ1981 ሥራዎች መጀመር ይቀልላል፤ ቀረጻው ጥርት ያለ ነው። ቀጥሎ የባድ ብሬንስን የ1982 ካሴት ከሬጌው ጋር፣ ዘፈን ሳይዘሉ። ብላክ ፍላግን ወደ ኋላ ያቆዩት፤ በተለይ የ1984ቱ ማይ ዎር ሁለተኛ ገጽ ሆን ተብሎ እንደ ቀንድ አውጣ የሚሳብ ነው፤ ፍጥነት የለመደ ጆሮ ካልሆነ ያ ዝግታ በማን ላይ የተሰነዘረ ስድብ እንደሆነ አይገባውም።